ቀይ ቀለም የነካው የቤት ሥራ

ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን የተማሪ ደብተር በቀይ አርሜ አላውቅም፤ በእርሳስ ነበር የማርመው። ርዕሰ መምህራን ተቆጥተውኛል፣ ባልደረቦቼም «ለቀይ እስክሪብቶ ሰስታ ነው» እያሉ አሽሟጥጠውኛል። ለምን ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ቀይ ቀለም ዓይኔን ያመኛል እል ነበር። ውሸቴን ነው። ዓይኔን አያመኝም፤ ያናድደኛል። ያናደደኝም ሰው፣ የተናደድኩላትም ሰው ዛሬ አፈር ለብሰዋል። እንግዲህ ማንን ፈርቼ እደብቃለሁ?

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ጎንደር ከተማ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ከሆነው ከአያ ደምለው ቤት ተቀምጬ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። አያ ደምለው ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባላገር ማመልከቻ የሚጽፍ፣ አንደበቱ የለዘበ ሰው ነው። በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁና አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

እናቴ እንጉዳይ የምትኖረው ከዳባት ወጣ ባለችው መንደራችን ነበር። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ለጎንደር አድባራት መጻሕፍት ይጽፍ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቴን ያቆማት ኮሶ በር የሚባለው የገብስ ማሳዋ ነው። የአባቷ ርስት ለሁለቱ ልጆች ሲከፈል ለእሷ ኮሶ በር፣ ለአያ ደምለው ደግሞ የወንዙ በኩል ደረሳቸው። እሷ ማሳዋን በእኩል እያሳረሰች፣ ምርቱን ከአራሹ ጋር እየተካፈለች ራሷን ትመግባለች፣ ለእኔም ስንቅ ትልክልኛለች። ኮሶ በር ከሌለ እናቴ የሰው እጅ ጠባቂ ናት፤ የእኔም ትምህርት አብሮ ያከትማል። ነገሩ ይኸው ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ህንዳዊ ነበር፤ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ከደረት ኪሱ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ ብዕር አይለይም። በዚያ ሰሞን የሚያስተምረን አንድ ነገር የማን እንደሆነ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበር። በእኛ ቋንቋ «የ» ትቀድምና ነገሩ ያልቃል፤ የአልማዝ ላም፣ የቄሱ በቅሎ። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ፊት ይመጣል፤ ከስሙ ጫፍ ከፍ ብላ አንዲት ጭረት ትንጠለጠላለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ኤስ ይከተላል። ባለቤቶቹ ብዙ ሆነው ስማቸው በኤስ ካለቀ ደግሞ ጭረቷ ከኤሱ ወዲያ ትሻገራለች። ግማሹ ተማሪ ጭረቷን ይረሳታል፣ ግማሹ ባገኘበት ሁሉ ይሰካታል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ስለገባኝም ኩራት ቢጤ ጀማምሮኝ ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ ከምንጽፈው ዓረፍተ ነገር ሥር ሥዕል እንድናደርግ አዘዘን። እኔ የፋሲል ግንብ የድመቴ ቤት ነው ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ግንቡን ከነክብ ማማዎቹ ሣልኩና በሩ ላይ ጭራዋን ያቆመች ድመት አስቀመጥኩ። መምህሩ ሳቀ። ግንቡም ላይ፣ ድመቷም ላይ በቀዩ ብዕር የትክክል ምልክቱን አሳረፈና ፈረመ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ውሸት እኮ ነው ብሎ ተቃወመ። መምህሩም በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ የማርመው እውነቱን አይደለም፤ ጭረቷን ነው» አለው። ይህንን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ።

አያ ደምለው ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቅም። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ግን ደብተሬን ማየት ጀመረ። ቀዩን ምልክት በጣቱ እየዳበሰ ይቺ ምንድን ናት አለኝ። መምህሩ ልክ ነው ማለቱ ነው አልኩት። ይኸኛውስ አለ። ፊርማው ነው አልኩት። የመንግሥት መምህር መሆኑን ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ መለሰልኝ።

ከሳምንት በኋላ አሥር ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድንመጣ ታዘዝን። ስድስቱን ጽፌ ሐሳብ አጠረኝ። አያ ደምለው ያን ቀን አዛኝ ሆኖ አጠገቤ ተቀመጠ። ምነው የእኔን ንብረት አትጽፊም አለኝ። የደምለው ጃንጥላ፣ የደምለው በቅሎ፣ የደምለው ቤት አልኩና ዘጠኝ ደረስኩ። አሥረኛውን እሱ ነገረኝ።

«ኮሶ በር የደምለው ማሳ ነው በይ።»

ኮሶ በር የእምዬ ነው እኮ አልኩት። ሳቀብኝ።

«ለመለማመጃ አይደለም እንዴ? ወረቀት ላይ ገብስ አይበቅል።»

ጻፍኩት። ኮሶ በር ኢዝ ደምለውስ ፊልድ። ጭረቷን ከቦታዋ ሰቀልኩ። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ አላወቅሁም ብዬ ራሴን ነፃ አላወጣም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? የእኔ ሣር አሥር ከአሥር ነበር። በማግሥቱ አገኘሁት። መምህሩ አሥሩም ላይ ቀይ ምልክት አድርጎ፣ ከግርጌ በቀይ ፈርሞ፣ ለክፍሉ ከፍ አድርጎ አሳየልኝ። እየሮጥኩ ነበር ቤት የገባሁት።

ትምህርት ቤት ለአጭር ዕረፍት ሲዘጋ አያ ደምለው ዳባት ጉዳይ አለኝ፣ እናትሽንም ትጠይቂያለሽ ብሎ አሳፈረኝ። በእህል ጫኝ ማኪና ከጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ሲያጫውተኝና ቆሎ ሲያካፍለኝ ነበር። ዳባት ስንደርስ እሱ ከጭቃ ሹሙ ቤት አርፋለሁ ብሎ ተለየኝ። ለምን ከእህቱ ቤት እንደማያድር አልጠየቅሁትም። ያን ጊዜ ስንቱን አልጠየቅሁም።

እናቴ አገላብጣ ስማኝ እንደ ተቀመጥን፣ ፊቷ ልክ እንዳልሆነ አየሁ። አያ ደምለው ስለ ኮሶ በር ከስሷት ኖሯል። ነገ በአጥቢያ ዳኛው ፊት ይቀርባሉ። ኮሶ በር የእኔ ድርሻ ነው፣ እህቴ እያረሰች ያቆየችልኝ ነው ይላል። እሷ ግን ብዙም አልፈራችም። በእኛ አገር ርስት በወረቀት አይያዝም፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ማን ማንን እንደወለደ ይቆጠራል፣ ቆጠራውን የሚያውቅ ሽማግሌ ይመሰክራል። ቆጠራውን የሚያውቁት መሪጌታ ክንፉ ናቸው። ርስቱ ሲከፈል ቆመው ያዩ ሰው ናቸው። «እሳቸው እያሉ ምን እሆናለሁ» አለች። ከዚያ፣ ነገሩ እንደማይገባት ሰው፣ «ብቻ ጽሑፍ አለኝ እያለ ያስወራል፤ ምን ጽሑፍ እንደሆን እንጃ» አለች።

ደብተሬ ትዝ አለኝ። ለእሷ ላሳያት ያመጣሁትን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥኩት። አሥር ከአሥሩ ገጽ የለም። በምላጭ፣ ከስፌቱ ሥር፣ በንጽሕና ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ከእሱ በፊት ያለው የድመቷ ገጽ ነው።

እዚያች ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። እምዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌያለሁ ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። አልተናገርኩም። አፈርኩ። ደግሞም የልጅ የቤት ሥራ ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆም እብድ የለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እናቴ ምነው ገረጣሽ ስትለኝ ማኪናው አንገላታኝ አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ዳኛው ከድንጋይ ላይ ጋቢ አንጥፈው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ክንፉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጎናቸው አሉ። አያ ደምለው ካባውን ደርቦ መጣ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ።

ዳኛው ምስክርህን አቅርብ ሲሉት አያ ደምለው ከደረቱ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጨርቁን እንደ ታቦት ልብስ ቀስ እያለ ፈታው። የእኔ ወረቀት ነው።

«ይኼ የእንግሊዝ ጽሑፍ ነው» አለ። «ኮሶ በር የደምለው ነው ይላል። የጻፈችው የተከሳሿ የገዛ ልጅ ናት፤ ያቻትና። ያጸናው ደግሞ የመንግሥት መምህር ነው። በቀይ ነው ያጸናው።»

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር አያ ደምለው የእንግሊዝ ሊቅ ሆነ። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ። አንዱ አቅንቶ፣ አንዱ ዘቅዝቆ ያየዋል። መጨረሻ መሪጌታ ክንፉ ዘንድ ደረሰ። ዓይናቸው ደክሟልና አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ጥቁሩን አላነበቡትም፤ ቀዩን ግን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በብራና መጽሐፍ ቀይ ቀለም እንዲሁ አይነካም። በቀይ የሚጻፈው የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም ነው። አባቴ ቀዩን በሚነክርበት ቀን እጁን ታጥቦ፣ አፉን ዘግቶ ነበር የሚቀመጠው። እኛም ቤት ውስጥ ድምፅ አናሰማም። ለእነዚህ ሰዎች በቀይ ሐሰት መጻፍ ማለት በመስቀል ላይ ሐሰት እንደ መማል ነው።

መሪጌታ ክንፉ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «በቀይ ነው። በቀይ የተጻፈን እኔ አፌን ሞልቼ ሐሰት አልልም» አሉ። ቆጠራውንም ሳይቆጥሩ ተቀመጡ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። የጸሐፊ ሚስት ናት፤ ከሁሉም ይልቅ ያመነችው እሷ ነበረች።

«አንጓቼ፣ ያንቺ እጅ ነው?»

«የእኔ ነው እምዬ፣ ግን…»

ግን ያልኩትን የሰማ የለም። አያ ደምለው መልሳለች፣ ሰምታችኋል ብሎ አንባረቀ። እናቴ ለአፍታ አየችኝ። ያ አስተያየት ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ለዳኛው፣ «እንግዲያ ለቅቄያለሁ። ልጄ ጽፋው በቀይ ከጸና ከማን ጋር እሟገታለሁ» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ሁሉ በሰማበት ለቅቄያለሁ ያለች ሴት ምን ትመለሳለች? ዳኛው መልቀቋ እንዲጸና ዋስ ጥሩ አሉ። አያ ደምለው ወረቀቱን መልሶ በሐሩ መጠቅለል ጀመረ። ንዴት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። ነጠላዬን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ቤታችን ሩቅ አልነበረም፤ ለእኔ ግን አልደረስ አለኝ። ደብተሩን ከአልጋው ላይ አንሥቼ ስመለስ አንደኛው ዋስ ቃሉን እየሰጠ ነበር።

ሴት ልጅ፣ ያውም ነጠላዋን የጣለች፣ በሽማግሌ መካከል ሰንጥቃ አታልፍም። እኔ አለፍኩ። አንዱ ክንዴን ያዘኝ፤ መነጨቅሁት። ደብተሩን ገልጬ ከዳኛው ጉልበት ላይ አስቀመጥኩና ይህን ይዩልኝ አልኩ። አያ ደምለው ይህች የምታነበውን ማን ያውቃል፣ ትፈጥራለች ብሎ ጮኸ።

«አላነብም» አልኩ። «ማንበብ አያስፈልገውም። ይኼ ሥዕል የማን ቤት ነው?»

ዳኛው ጎንበስ ብለው አዩ። ጎንደር ያልወረደ ሰው እዚያ አልነበረም። የፋሲል ግንብ ነው አሉ። በሩ ላይ የቆመችውስ አልኳቸው። ድመት ናት አሉ። ጽሑፉ ግንቡ የዚህች ድመት ቤት ነው ይላል አልኩ። የዚያው መምህር ቀይ ቀለም፣ የዚያው መምህር ፊርማ ይኸውላችሁ፤ ከአያ ደምለው ወረቀት ጋር አስተያዩት። በዚህ ቀለም ኮሶ በር የአያ ደምለው ከሆነ የፋሲል ግንብም የድመቴ ነው፤ ሄዳችሁ አስረክቧት! መምህሩ ያረመው እውነቱን ሳይሆን የአጻጻፌን ጭረት ነው። አሥረኛውን መስመር እየነገረ ያስጻፈኝ አያ ደምለው ነው፤ ገጹን በምላጭ የቆረጠውም እሱ ነው። ይኸው ጉማጁ ከስፌቱ ላይ ቀርቷል ብዬ አሳየሁ።

ዳኛው ወረቀቱን ከአያ ደምለው እጅ ወስደው ከደብተሩ ጉማጅ ጋር ገጠሙት፤ ገጠመ። ሁለቱን ፊርማ አስተያዩ፤ አንድ ነው። ደብተሩን ለመሪጌታ ክንፉ አቀበሉ። ሽማግሌው አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ድመቷን አዩዋት። ቀዩ ምልክት ከጀርባዋ ላይ ነበር።

«ለድመት?» አሉ። «ለድመት ነው ቀዩን የሚያፈሰው?»

ሰው ሳቀ። ዳኛውም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ዛሬም አልስቅም። መሪጌታ ክንፉ ደብተሩን መልሰውልኝ ቆሙና ቆጠሩ። ከአቅኚው አባት ተነሥተው፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ፣ ሳይደናቀፉ ወደ አያቴ ደረሱ። ከእሱ ሁለት ልጆች፤ ለደምለው የወንዙ በኩል፣ ለእንጉዳይ ኮሶ በር፤ መሬቱ የተለካበት ገመድ ሲጣል እኔ ቆሜ ነበር አሉ። ዳኛው በማታለል የተገኘ መልቀቅ አይጸናም ብለው ኮሶ በርን ለእናቴ ፈረዱ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። እኒህ ሰው ሁሉንም ያውቁ ነበር! ገመዱ ሲጣል ቆመው ነበር! በዓይናቸው ያዩትን፣ በአፋቸው ሊመሰክሩ የመጡትን ነገር፣ ማንበብ ለማይችሉት ቀይ ምልክት ሲሉ ዋጡት። አያ ደምለው ሌባ ነው፤ ሌባ ሲሰርቅ አይደንቀኝም። የሚደንቀኝ ደጉ ሰው ነው። መሪጌታ ክንፉ ሸጋ ሰው ነበሩ፣ ኋላም ቤታችን ድረስ መጥተው እናቴን ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታቸው ንዴቴን አላበረደልኝም። እናቴ እንኳን ይቅር ብላቸዋለች።

አያ ደምለው ሲሄድ አጠገቤ ቆሞ እንጀራዬን በልተሽ አለኝና መንገዱን ቀጠለ። ጎንደር ስመለስ ልብሴ በጨርቅ ተቋጥሮ ከደጅ ጠበቀኝ። የዚያ ዓመት ትምህርቴ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የአባቴ የድሮ ደቀ መዝሙር ቤተሰቦች እዚያው ጎንደር፣ ከአንድ ደብር አጠገብ፣ አስጠጉኝና ጨረስኩ። ኋላም መምህርት ሆንኩ፣ ያችኑ ጭረት ለስንትና ስንት ልጅ አስተማርኩ። ልጆቹ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ በሬ ብለው ሲጽፉልኝ ጭረቷን ከማየቴ በፊት «እውነት የእሱ ነው?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። አሮጊቷ ለየላት ይሉኝ ነበር፤ ይበሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡት በቀይ ቀለም አንታለልም ትላላችሁ። ተዉኝ እባካችሁ። በዓይናችሁ ያያችሁትን ነገር፣ ወረቀት ላይ ማኅተም ስላረፈ ብቻ አላየሁም ያላችሁበት ቀን የለም? ካለ፣ መሪጌታ ክንፉ ናችሁ። ካልሆናችሁ ደግሞ ውሸት መሆኑን እያወቃችሁ፣ ሰው እንዲያጨበጭብላችሁ ብላችሁ አሳምራችሁ የጻፋችሁት ነገር የለም? ካለ፣ እኔን ሆናችኋል። እኔን መሆን የባሰ ነው።

ለምን የባሰ እንደሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት። ያን ቀን ከጥዱ ሥር ተነሥተን በኮሶ በር ዳር ዳር ወደ ቤት ስንሄድ፣ ከኋላዬ ትራመድ ነበር። አልተቆጣችኝም። ገብሱ ገና ለጋ ነበር፤ በእጇ እየዳበሰችው ትሄዳለች። ከዚያ እንደ ዋዛ ጠየቀችኝ።

«አንጓቼ፣ አባትሽ አንዲት ፊደል ከሳተ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያችን ስትጽፊ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?»

ዋሽቼ ተንቀጥቅጧል ልላት እችል ነበር። አልዋሸሁም።

«አልተንቀጠቀጠም እምዬ» አልኳት። «አሥር ከአሥር ነው ያገኘሁት።»